የቤዝ አምፕና ስፒከር ለሰርግና ለመድረክ እንዴት ይዘጋጃል፦ ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋሮቢት

ከደብረ ብርሃን ተነስታችሁ ሸዋሮቢት ሰርግ ልትጫወቱ ነው እንበል። ሚኒባሱ ጠባብ ነው። ኪቦርዱ፣ ድራሙ፣ ሚክሰሩና ትላልቆቹ ስፒከሮች ቦታውን ጨርሰውታል። ለቤዝ ጊታሩና ለዕቃው የተረፈው የኋላ ወንበር ጥግና ፖርቶመጋላው ነው። እዚያ ስትደርሱ የሚጠብቃችሁ ድንኳን፣ አንድ ሶኬትና ከጓዳ የሚመጣ የእንጀራ ሽታ ነው። ይህን የጻፍኩት ለእንዲህ ዓይነቱ ቀን ነው።

ወጣት ቤዚስቶች ደጋግመው የሚጠይቁኝ "ስንት ዋት ልግዛ?" እያሉ ነው። እኔም መልሼ "ሳጥንህ ምንድን ነው?" እላለሁ። አምፑ ጉልበት ይሰጣል፤ ድምፁን አየር ላይ የሚያወጣው ግን ስፒከሩና የተቀመጠበት ሳጥን ነው። ጥሩ ሳጥን በ200 ዋት ድንኳን ይሞላል። መጥፎ ሳጥን 500 ዋት ብትሰጡት ይንተፋተፋል እንጂ አይደምቅም። ስለዚህ ገንዘባችሁን መጀመሪያ ሳጥኑ ላይ አውሉ።

1. ሳጥኑን ምረጡ

ባለ አራት ክር ቤዝ ላይ ወፍራሟ ክር፣ ኢ፣ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ትርገበገባለች። ባለ አምስት ክር ከሆነ ቢ ወደ 31 ትወርዳለች። ይህን ለማሰማት ብዙ አየር መግፋት ያስፈልጋል። ትንሽ የቤት ስፒከር የማይችለው ለዚህ ነው።

ለሰርግ ሥራ የምመክረው ሁለት ባለ 10 ኢንች ስፒከር ያለበት ሳጥን ወይም አንድ ባለ 12 ነው። አንድ ሰው ብቻውን ያነሳዋል፣ ሚኒባስ ውስጥ ይገባል። ባለ 15 ወፍራም ድምፅ አለው፤ ጥሩ ነው። ከባድና ሰፊ መሆኑን ግን ከሹፌሩ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ሳጥን ስትገዙ ከዋቱ ይልቅ ዲቢ (ዴሲቤል፣ የድምፅ ከፍታ መለኪያ) የሚለውን ቁጥር እዩ። በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት ስንት ዲቢ እንደሚያወጣ የሚናገር ነው። 97 የሚል ሳጥንና 100 የሚል ሳጥን ሦስት ቁጥር ብቻ ይለያቸዋል። ግን የመጀመሪያው ከሁለተኛው እኩል እንዲጮህ እጥፍ ዋት ይፈልጋል። ከ200 ዋት ወደ 400 ብትሄዱም የምታገኙት ያችኑ 3 ዲቢ ነው። ጆሮ "እጥፍ ጮኸ" የሚለው 10 ዲቢ ገደማ ሲጨመር ነው፤ ያ ደግሞ አሥር እጥፍ ዋት ማለት ነው። ዋት ስታሳድዱ አትዋሉ የምለው ለዚህ ነው።

የድሮዎቹ ሌላ ዘመን ነበራቸው። አምፔግ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1969 ያወጣው ኤስቪቲ 300 ዋት የነበረ ሲሆን፣ ስምንት ባለ 10 ስፒከር ያለበት ሳጥን አብሮት ይሄድ ነበር። ዛሬም የሚሠራው የዚያ ዓይነት ሳጥን ከ60 ኪሎ ያልፋል። ድምፁን እወደዋለሁ። መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ድረስ በጭነት ይዞ መሄድ ግን ሌላ ነገር ነው። ዛሬ ክላስ ዲ የሚባሉት አምፖች 300 እና 500 ዋት እየሰጡ ሁለት ሦስት ኪሎ ነው የሚመዝኑት። ከቤዙ ጋር በአንድ ቦርሳ ትይዟቸዋላችሁ።

ብዙዎቻችን ስፒከሩን ከመርካቶ ገዝተን ሳጥኑን ለአናጢ እናሠራለን። ምንም ነውር የለበትም። 18 ሚሊ ኮምፔንሳቶ አሠሩ። ችፑድ ርካሽ ነው፤ አንድ ዝናብ ሲነካው ግን ያብጥና ብሎኑ ይለቃል። መጋጠሚያዎቹ ሁሉ ከውስጥ በኮላ ይደፈኑ። ሳጥኑ ሲያልቅ ዝቅተኛውን ኢ እየመታችሁ እጃችሁን በመጋጠሚያዎቹ ዙሪያ አዙሩ። ቀጭን ነፋስ ጣታችሁን ከነካው እዚያ ቀዳዳ አለ፤ ድምፁም በዚያ እየፈሰሰ ነው። የሳጥኑን ስፋትና የአየር መውጫውን ልክ ግን በግምት አታድርጉት። ስፒከሩ ይዞት ከሚመጣው ወረቀት ላይ ውሰዱ።

2. ኦሙን አስሉ

አምፕ የሚቃጠለው እዚህ ላይ ነው። ኦም ስፒከሩ ኤሌክትሪኩን የሚቋቋምበት ልክ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አምፑ ላይ የሚወድቀው ሸክም ይበዛል። የአምፑን ጀርባ አንብቡ። "ቢያንስ 4 ኦም" ካለ ከ4 በታች አታሸክሙት።

ሁለት ባለ 8 ኦም ሳጥን አንድ አምፕ ላይ ስትሰኩ 4 ኦም ይሆናሉ። ይህ ትክክል ነው። ሁለት ባለ 4 ስትሰኩ 2 ኦም ይሆናሉ፤ ይህ አደጋ ነው። አንድ ባለ 8 እና አንድ ባለ 4 ከሆነ 2.7 ገደማ ነው፤ እሱም አይሆንም። ስለዚህ ወደፊት ሁለተኛ ሳጥን የመጨመር ሐሳብ ካላችሁ የመጀመሪያውን ባለ 8 ኦም ግዙ። ለትንሹ ሥራ አንዱን፣ ለትልቁ ሁለቱን ትይዛላችሁ።

ሳጥኑ ላይ ቁጥር ካልተጻፈበት በመልቲሜትር ለኩት። ባለ 8 ኦም ሳጥን ሜትሩ ላይ 6 ገደማ ያሳያል። ባለ 4 ኦሙ ደግሞ ከ3 ብዙ አይርቅም። ከተጻፈው ዝቅ ብሎ ማሳየቱ ጤነኛ ነው፤ አትደንግጡ። ምንም ካላሳየ ሽቦው ተበጥሷል ወይም ስፒከሩ ተቃጥሏል።

ባለ ቱቦ አምፕ (እንደ ድሮዎቹ በብርጭቆ ቱቦ የሚሠራ) ያላችሁ ደግሞ ሁለት ነገር ያዙ። ያለ ስፒከር አታብሩት። የአምፑንና የሳጥኑን ኦም አንድ አድርጉ።

3. ስፒከሮቹ ወደ አንድ አቅጣጫ እየገፉ መሆኑን አረጋግጡ

ይህን የተማርኩት በሰው ሰርግ ላይ ነው፤ እስካሁን ይቆጨኛል። ሸዋሮቢት ነበርን። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለት ሳጥን ይዤ ሄጃለሁ። አንዱ የቆየ ነው፣ ሌላው በዚያው ሳምንት ተሠርቶ ያለቀ። ሁለቱንም ሰካሁና መታሁ። ድምፁ የለም ማለት ይቻላል። ቲክ ቲክ የሚል የክር ድምፅ ይሰማል፣ ወፍራሙ ነገር ጠፍቷል። ድምፁን ጨመርኩ። ባሰበት። አጃቢው ደርሷል፣ ሙሽሮቹ መኪና ውስጥ ናቸው።

ሚክሰሩ ላይ የነበሩት ሰውዬ ብዙ ዘመን የሠሩ ናቸው። ሄድኩና "ጋሼ፣ ቤዙ ጠፋብኝ" አልኳቸው። "አንዱን ንቀለው እስቲ" አሉኝ። ነቀልኩት። ቤዙ ተመልሶ መጣ። ሁለት ሆነው የጠፋው ድምፅ በአንዱ ሞላ። ሳቅ አሉና "ልጄ፣ የባትሪ ድንጋይ አለህ?" አሉ።

ከእጅ ባትሪያቸው አንድ ድንጋይ አወጡ። የሳጥኖቹን ገመድ ከአምፑ ነቅለው የድንጋዩን ሁለት ጫፍ ከገመዱ ሁለት ሽቦ ጋር ለቅጽበት አነካኩት። የቆየው ሳጥን ስፒከር ጠብ ብሎ ወደ ውጭ ወጣ። አዲሱ ወደ ውስጥ ገባ። አዲሱ ሳጥን ውስጥ ቀዩና ጥቁሩ ሽቦ ተገላብጦ ነበር የታሰረው። አንዱ አየር ሲገፋ ሌላው እየሳበ ተበላሉ። በካቻቢቴ ከፍተን ለማዞር አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

አሠራሩ ይኸውላችሁ። ተራ 1.5 ቮልት ድንጋይ ያዙ። ገመዱን ከአምፑ ንቀሉ። የድንጋዩን ፖዘቲቭ ከጃኩ (ከገመዱ መሰኪያ) ጫፍ፣ ኔጌቲቩን ከጃኩ አንገት ጋር አነካኩና ወዲያው አንሱ። ስፒከሩ ወደ ውጭ መውጣት አለበት። አንድ ሳጥን ውስጥ ብዙ ስፒከር ካለ ሁሉም አብረው ይውጡ። አንዱ ወደ ውስጥ ከገባ የእሱን ሽቦ አዙሩ። አዲስ ሳጥን ሲሠራ፣ ስፒከር ሲቀየር፣ ገመድ ሲበየድ ይህን አትዝለሉ።

4. ገመዱን አትቀያይሩ

ከቤዝ ወደ አምፕ የሚሄደው ገመድና ከአምፕ ወደ ሳጥን የሚሄደው ገመድ ጃካቸው አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ውስጣቸው ግን የተለያየ ነው። የቤዙ ገመድ አንድ ቀጭን ሽቦ ዙሪያውን በጥልፍልፍ የተሸፈነ ነው። ጉልበት አይችልም፤ ይሞቃል፣ ይቀልጣል፣ አምፑንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። የስፒከሩ ገመድ ሁለት እኩል ወፍራም ሽቦ ነው። ከኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ሁለት በ2.5 ካሬ ሽቦ ገዝታችሁ ራሳችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ። ሁለቱን ገመዶች በቀለም ናስትሮ ለዩአቸው። የኔ የስፒከር ገመድ ቀይ ናስትሮ አለው፤ ጨለማ ውስጥም አልሳሳትም።

አምፓችሁ ስፒኮን መሰኪያ ካለው እሱን ተጠቀሙ። ጠምዘዝ ሲሉት ይቆለፋል። ዳንስ ሲደምቅ ሰው ገመድ ላይ ቢቆም አይነቀልም።

5. መብራቱን ከማመናችሁ በፊት ለኩት

የኛ አገር መብራት 220 ቮልት ነው። አሜሪካ ያለ ዘመድ አምፕ ልኮላችሁ ከሆነ ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ። "100–240" ካለ ችግር የለም። "120" ብቻ ካለ 220ን የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፤ የትራንስፎርመሩ ዋት አምፑ ከሚስበው እጥፍ ቢሆን ይመረጣል። በቀጥታ ከሰካችሁት ግን ለአንድ ሰከንድ ነው የምትሰሙት። ለአሜሪካ ብቻ የተሠራ የቆየ ከባድ አምፕ እዚህ በትራንስፎርመርም ሆኖ ትንሽ ይሞቃል፤ የነሱ መብራት 60 ኸርዝ (በሰከንድ 60 ጊዜ የሚመላለስ)፣ የኛ 50 ስለሆነ ነው። አየር እንዲያገኝ አድርጉ።

ሰርግ ቤት ስትደርሱ መጀመሪያ የምታናግሩት የጓዳ ኃላፊዋን ይሁን። "እትዬ፣ ምጣዱ የተሰካው የት ነው?" በሉ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። እናንተና ምጣዱ አንድ መስመር ላይ ከሆናችሁ፣ ምጣዱ በተጣደ ቁጥር መብራቱ ይወርዳል። ክላስ ዲ አምፕ ደግሞ መብራቱ በጣም ሲወርድ ራሱን ሊያጠፋ ይችላል። ዘፈን መሃል ማለት ነው። የኔ ደንብ ይህች ናት፦ ሶኬቱን እለካለሁ፤ ከ190 በታች ከሆነ ሌላ መስመር እጠይቃለሁ ወይም ወደ ጀነሬተር እዞራለሁ። ስታቢላይዘር ካላችሁ ጥሩ ነው፤ ግን አቅሙ ከአምፑ በላይ ይሁን።

ጀነሬተር ከሆነ አስነሱት፣ ጥቂት ደቂቃ ይሥራ፣ ለኩት፣ ከዚያ ስኩ። ነዳጁ ሊያልቅ ሲል ቮልቴጁ ይዘላል፤ አንድ ሰው ይመደብለት። ከድንኳኑ ውጭ ነፋሱ ወደ ሰው በማያመጣበት በኩል ይቀመጥ። ጭሱ ይገድላል።

ሌላው ኧርዝ ነው። የማከፋፈያውን የኧርዝ ብረት ቆርጦ መጣል የተለመደ ነው፤ እባካችሁ አታድርጉት። ቤዝ ይዛችሁ ማይክ ስትጠጉ ከንፈራችሁን ከነዘራችሁ ቤዙና ማይኩ ኧርዛቸው አንድ አይደለም ማለት ነው። ሰው ይገድላል፤ በተለይ ዝናብ በነካው ሣር ላይ። አምፑንና ሚክሰሩን ከአንድ ማከፋፈያ ስኩ። ከዚያ መልቲሜትሩን ኤሲ ላይ አድርጋችሁ አንዱን ጫፍ የቤዙ ክር ላይ፣ ሌላውን የማይኩ ወንፊት ላይ አድርጉ። አሥር ቮልትና ከዚያ በላይ ካሳየ መስመሩ እስኪስተካከል ማንም አይንካ።

6. መንገዱ

ሰሜን ሸዋ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ሸዋሮቢት ከዚያ በ1,500 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች። ማለዳ ብርድ ውስጥ የጫናችሁት አምፕ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሙቀትና ወበቅ ውስጥ ይገባል። ቀዝቃዛ ብርጭቆ ላይ ጠል እንደሚያርፍ ሁሉ አምፑ ውስጥ ባለው ብረት ላይም ጠል ያርፋል። ስለዚህ እንደደረሳችሁ አታብሩ። ከቦርሳው አውጡት፣ ጥላ ውስጥ ይቀመጥ፣ ብረቱ ሲዳሰስ ቀዝቃዛ መሆኑ እስኪያበቃ ጠብቁ። እኔ ያን ሰዓት ገመድ ለመዘርጋት እጠቀምበታለሁ።

ለመጠቅለያ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ የሚያህል የለም። ወፍራም ነው፣ መነቃነቅን ይችላል። ፖርቶመጋላ ላይ የሚሄድ ሳጥን ከብርድ ልብሱ በላይ ሸራ ይልበስ፤ ጣርማ በር ላይ ጉሙ ብቻውን ያርሳል። የሳጥኑ ፊት ወደ ላይ አይሁን፤ አንድ ቦርሳ ቢወድቅበት የስፒከሩ ወረቀት ይቀደዳል። ደብረ ሲና ቆሎ ለመግዛት ስትወርዱ ጭነቱ የታሰረበትን ገመድ ፈትሹ።

ስለ ከፍታው አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንድ አምፕ ጀርባ ላይ እስከ 2000 ሜትር የሚል ምልክት አለ። ዋናው ምክንያት አየሩ ሲሳሳ ኤሌክትሪክ እንዳይዘል የመከላከል አቅሙ ስለሚቀንስ ነው፤ ሙቀት የመውሰድ አቅሙም ይቀንሳል። እኛ ከዚያ በላይ ነው የምንኖረው። ለሙቀቱ ብርዱ ያግዘናል። ያም ሆኖ የአምፑን መተንፈሻ አትድፈኑ፤ ጋቢም ሆነ ጃኬት አትጣሉበት።

7. ቦታ አስይዙት

አዳራሽ ውስጥ ሳጥኑን ወደ ግድግዳ ስታስጠጉት ወፍራሙ ድምፅ ይጨምራል፤ ጥግ ላይ ደግሞ ይበልጥ። አዳራሹ የሚያጉረመርም ከሆነ ከጥጉ አውጡት። ድንኳን ግን ግድግዳ የለውም፤ ድምፁ ይበተናል። እዚያ መሬት ላይ ይቀመጥ። ከእንጨት የተሠራ ባዶ መድረክ ከሆነ መድረኩ ራሱ እንደ ከበሮ ይጮኻል፤ ከሥሩ ወፍራም ስፖንጅ አድርጉ።

ሁለት ሳጥን ካላችሁ ጎን ለጎን አታድርጉ፣ ደርቡ። የላይኛው ወደ ጆሯችሁ ይቀርባል። ብዙ ቤዚስት "አይሰማኝም" እያለ የሚጨምረው ሳጥኑ የሚጮኸው ወደ ጆሮው ሳይሆን ወደ ጉልበቱ ስለሆነ ነው። ጥርት ያለው ድምፅ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ፊት ያለው እንግዳ ይደነቁራል፣ ተጫዋቹ አይሰማም። አንድ ሳጥን ብቻ ከሆነ ፊቱን ቀና አድርጉት፤ ከሥሩ አንድ እንጨት ይበቃዋል።

8. ከሚክሰሩ ጋር

ትንሽ ግቢ ውስጥ ሳጥናችሁ ብቻውን ይበቃል። ሰዉ ከመቶ ካለፈ ወይም ሥራው አደባባይ ላይ ከሆነ ቤዙ በዲአይ (የቤዙን ድምፅ በቀጥታ ለሚክሰሩ በሚልከው መውጫ) ወደ ሚክሰሩ ይግባ። ያኔ ሳጥኑ ለናንተና ለድራመሩ ነው፤ ሕዝቡን ትላልቆቹ ስፒከሮች ይያዙት። አምፑ ላይ "ፕሪ" (ከቶን ቁልፎቹ በፊት) እና "ፖስት" (ከነሱ በኋላ) የሚል ካለ ፕሪ ላይ አድርጉ። የናንተን ቶን ስትነካኩ የሳውንድ ማኑ ሥራ አይናወጥም። እም የሚል ድምፅ ከመጣ ዲአዩ ላይ ያለውን የግራውንድ ሊፍት ቁልፍ ተጫኑ። የኧርዝ ብረት ከመቁረጥ የሚያድናችሁ እሱ ነው።

9. ቶኑ

የቶን ቁልፎቹን ሁሉ መሃል ላይ አድርጋችሁ ጀምሩ። ማስተሩን (የመጨረሻውን የድምፅ ቁልፍ) ዝጉ። በጣም ጠንክራችሁ እየመታችሁ ጌይኑን (የመግቢያውን ቁልፍ) ክፈቱ፤ ቀዩ መብራት ብልጭ ማለት ሲጀምር ትንሽ መልሱ። ከዚያ ማስተሩን ክፈቱ።

የኛ ጭፈራ ምቱ ፈጣን ነው። ችክችካ ላይ ኖታዎቹ ይከታተላሉ፤ አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይመጣል። ቤዝ የሚለውን ቁልፍ ሙሉ ከከፈታችሁት ሁሉም ተለጣጥፎ አንድ ጉርምርምታ ይሆናል፣ እስክስታ የሚወርደው ሰው ምቱን ያጣል። ከ40 ኸርዝ በታች የሚቆርጥ ፊልተር ካለ አብሩት፤ ትንሽ ሳጥንን ከመቀደድ ያድናል። 250 ኸርዝ አካባቢ ትንሽ ቀንሱ። 800 አካባቢ ትንሽ ጨምሩ፤ የጣታችሁ አመታት የሚሰማው እዚያ ነው። ትዝታ ሲመጣ ቁልፉን ከመንካት እጃችሁን ወደ አንገቱ አስጠጉና ለስለስ አድርጋችሁ ምቱ። የሮሃ ባንዱን ጆቫኒ ሪኮን ጆሮ ሰጥታችሁ ስሙ፤ ቤዙ ሲቆምም ሲሄድም በግልጽ ይሰማል።

ኪቦርዲስቱንም አናግሩት። ግራ እጁ ቤዝ እየተጫወተ ከሆነ እናንተ ምን ብትጨምሩ አትጠሩም። "ወንድሜ፣ ግራ እጅህን ትንሽ ከፍ አድርግልኝ" ብሎ መጠየቅ ከ300 ዋት ይበልጣል።

10. የኪስ ዕቃና ማታ መልስ

ትርፍ የቤዝ ገመድ፣ ትርፍ የስፒከር ገመድ፣ ክር፣ ለአክቲቭ ቤዝ 9 ቮልት ባትሪ፣ ናስትሮ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ መልቲሜትር። ፊውዝም ያዙ፤ አምፐሩ ከተጻፈው ጋር አንድ ይሁን። የተቃጠለ ፊውዝ በሲጋራ ብር ወረቀት ጠቅልሎ መመለስ ፊውዙ ያዳነውን አምፕ ማቃጠል ነው።

ሲያልቅ መጀመሪያ ማስተሩን ዝጉ፣ ከዚያ አምፑን አጥፉ፣ ከዚያ ገመድ ንቀሉ። ባለ ቱቦ ከሆነ እስኪበርድ አታንቀሳቅሱት። ገመዱን በክርን ላይ እየጠመዘዛችሁ አትጠቅልሉ፤ በሰፊ ክብ ሰብስቡት። ያችንም የባትሪ ድንጋይ ወደ ቦርሳው መልሱ። ከጃክ ጋር ግን አንድ ኪስ ውስጥ አትክተቷት፤ ብረቱ ሁለቱን ጫፍ ያገናኝና ለሚቀጥለው ሰርግ ባዶ ሆና ትጠብቃችኋለች።